ጋሽ ይማም የያዙልኝ ኔትወርክ

ወሎዬን የሚጥለው የፈተናው ጥያቄ አይደለም፤ «ብቻህን ተቀመጥ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ጥያቄውንስ ቢያውቀው ይመልሰዋል፣ ባያውቀው ይገምተዋል። ብቻውን መሆንን ግን ከየት ያመጣዋል? «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገን ሰው፣ በር ዘግተህ፣ ያላንዳች ሰው፣ ያላንዳች ድምፅ፣ ከንፈርህን እንኳ ሳታንቀሳቅስ ተፈተን ማለት ከበሬ ወተት መጠበቅ ነው። አታምኑኝም? እንግዲያው የእኔን ስሙና ፍረዱ።

እኔ ሰዓዳ የመርሳ ልጅ ነኝ። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ወልድያ ቅርንጫፍ ባለው አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። በሐብሩ ቀበሌዎች በሞተር ሳይክል እየዞርኩ የውኃ ጉድጓዶችንና የዘር ሥርጭትን እከታተላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሴት ልጅ ሞተር ስትነዳ አይተው መንገድ ዳር ቆመው «ወይ ጊዜ» ይሉ የነበሩ አዛውንቶች፣ ኋላ ኋላ «ሰዓዳ፣ እስኪ እስከ ገበያው አድርሺኝ» ማለት ጀምረው ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ድርጅቱ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተወሰደ፣ ቤቴም ተዘረፈ። ይህን እናንተም በየቤታችሁ ስለምታውቁት አላስረዝመውም።

ጦርነቱ ረፍት በወሰደበት በዚያ ሰሞን፣ መብራት መጣሁ ቀረሁ በሚልበት፣ ኔትወርክም እንደ ኩሩ ሙሽራ ተለምኖ በሚወጣበት ጊዜ፣ ድርጅቱ ተመልሶ ተከፈተ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ አቶ ጌታሁን አስጠሩኝና ቦታዬ እንዳለ ነገሩኝ። ደስታዬ ግን ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ብቻ ነበር። ለቦታው አሁን የፕሮጀክት አስተዳደር ሰርተፊኬት ግድ ሆኗል አሉኝ። ፈተናውን የሚሰጠው ባሕር ማዶ ያለ ተቋም ነው፤ የሚሰጠውም በኢንተርኔት ነው። ከጦርነቱ በፊት ድርጅቱ አስመዝግቦኝ ስለነበር እሱን ተፈትኜ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሰርተፊኬቱን ካመጣሁ ቦታው የእኔ ነው። ካላመጣሁ ሌላ ሰው ይቀጠርበታል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከራያ በኩል የተፈናቀለችው አክስቴ ዘምዘም ከነልጆቿ አለች። የቤቱ ደመወዝተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ደመወዙም ከቆመ ከርሟል። ስለዚህ ፈተናው ለእኔ የወረቀት ጉዳይ አልነበረም፤ የሌማት ጉዳይ ነበር።

ኢሜሌን ስከፍት አንድ መልእክት ጠበቀኝ። ለካ የመጀመሪያው ቀጠሮዬ ያለፈው ስልክም መብራትም በሌለበት፣ እኛም ከቤት በማንወጣበት ጊዜ ኖሯል። «በቀጠሮዎ ሰዓት አልተገኙም፤ ምክንያትዎን ይምረጡ» ይላል። የቀረቡልኝ ምርጫዎች ሕመም፣ የቤተሰብ ሐዘን፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮና የአየር ሁኔታ ነበሩ። ጦርነት የለም። ለካ ጦርነት ከቀጠሮ የማያስቀርበት አገርም አለ... ወይም ጨርሶ የማይታሰብበት። ወጣሁ ወረድኩና «የአየር ሁኔታ» የሚለውን መረጥኩ። ከላይ የሚወርድ ነገር ስለነበር ውሸት አይባልም። እነሱም አመኑኝና ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ።

አሁን ዝግጅቱ መጣ። ትምህርቱን ማለቴ አይደለም፤ ትምህርቱ ቀላሉ ነው። ደንቡን ነው። እንዲህ ያለውን ፈተና ለማታውቁት ላስረዳ፦ ፈታኙ ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ በኮምፒውተራችሁ ካሜራ እናንተንም ክፍላችሁንም እያየ፣ በማይክሮፎኑም እየሰማ ይጠብቃችኋል። እናንተ አታዩትም፤ የሚያናግራችሁ በጽሑፍ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖር የለበትም። ወረቀት፣ መጽሐፍ፣ ሰዓት፣ ስልክ መኖር የለበትም። ዓይናችሁ ከስክሪኑ መነሣት የለበትም። ጥያቄውን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ክልክል ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ድረ ገጽ ግን ማንንም ሳይተባበር ብቻውን ሰዓዳን አሰረ።

ወደ ፈተናው ለመግባት ደግሞ በድሮው ቁጥሬ የሚላክ ኮድ ያስፈልጋል። የድሮው ስልኬ ከቤቱ ዕቃ ጋር ስለሄደ እኔ ከርሜ የምጠቀመው በሌላ ቁጥር ነበር። ወልድያ ሄጄ ተሰልፌ፣ አድካሚ ምልልስ ተመላልሼ ያንኑ የድሮ ቁጥር መልሼ አስወጣሁና አሁን በያዝኩት ስልክ ላይ ጨመርኩት። በዚያው ጉዞ ወልድያ ካለችው ጓደኛዬ ከብርቱካን ላፕቶፕ ተዋስኩ።

ስለ ላፕቶፑ ጥቂት ልንገራችሁ። ከዘረፋ የተረፈው ተቀብሮ ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ ብርቱካን ሐራ ላሉት አባቷ ላከችው፤ እሳቸውም በላስቲክ ጠቅልለው ማሽላ በሚያስቀምጡበት ጉድጓድ ከነማሽላው ቀበሩት። አገር ሲረጋጋ ተቆፍሮ ወጣና ተነሣ። ብቻ አንዲት ማሽላ ቁልፎቹ ሥር ገብታ ቀርታለች መሰለኝ፣ «ኦ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል አንዴ ስትነካ ሦስቴ ትጻፋለች። «ኖ» ብላችሁ ስትጽፉ የምትጮኹ ይመስላል። ብርቱካን ይህንን እያወቀች «ፈተናው ምርጫ ስለሆነ አትቸገሪም» ብላ አጽናናችኝ።

የቀጠሮውን ቀን የምመርጠው እኔ ነበርኩ፤ እሱም ራሱን የቻለ ፈተና ሆነ። መርሳ ከአንድ ወገን አዛን፣ ከሌላው ወገን ቅዳሴ የሚሰማባት ከተማ ናት። ጁምዓ አይሆንም። የገበያው ቀን ጨርሶ አይታሰብም። የወሩ ማርያም፣ የወሩ ሚካኤል ድምፅ ማጉያው ከማለዳ ይጀምራል። ሠርግ ያለበት ቀን አለ፣ መውሊድ የሚወጣበት አለ። በመጨረሻ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም የተረፈች አንዲት ረቡዕ ጠዋት አገኘሁና ያዝኳት።

ቀጥሎ አክስቴን ማሳመን ነበረብኝ። ልጆቹን ይዛ ለጊዜው ከቤት እንድትርቅልኝ ስለምናት፣ ብቻዬን ምን ልሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳት። ፊቷ ከቃል ወደ ቃል እየጠቆረ ሄደ።

«እና አንድ የማታውቂው ወንድ፣ ሳታይው፣ ዓይንሽን ከእኔ እንዳትነቅይ ብሎሽ ቁጭ ብሎ ሊያይሽ ነው?»

ሥራው ነው አልኳት። ሥራው ሴት ማየት ነው ወይ አለች። አይደለም፣ ወንድም ያያል አልኳት። ይህ ይባስ ነገሩን አከፋው። ብዙ አሰላሰለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያገባ ነው?» ስትል ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ፤ ልጆቹን ይዛ ጎረቤት ለመሄድ ተስማማች።

የቀረው ኔትወርኩ ነበር። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እዚህ ላይ አእምሯችሁን ሰብስቡ። ኢንተርኔቱ ወደ ላፕቶፑ የሚመጣው ከስልኬ ነው። ደንቡ ደግሞ ስልክ ክፍሉ ውስጥ እንዳይኖር ይላል። መስኮቱ ላይ ባስቀምጠው ፈታኙ ያየዋል። ውጪ ባስቀምጠው መንገደኛ ያየዋል፤ መንገደኛ ያየው ስልክ ደግሞ አድራሻው እንደ ሞተሬ ነው።

መፍትሔው ጋሽ ይማም ሆኑ። ጋሽ ይማም የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። እርጅና ከእርሻ ካስቀረቻቸው ወዲህ ደጃፍ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ማለት ሥራቸው ነው። የምፈተንበትን ጠረጴዛና ወንበርም ያዋሱኝ እሳቸው ነበሩ። ከመስኮቴ ውጪ ካለችው ማንጎ ሥር ኔትወርኩ እንደሚጠና ደርሼበት ስለነበር፣ እዚያ ተቀምጠው ስልኩን እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው። በደስታ ተቀበሉ። ቤቱም ሰው አይገባም፣ መንገዱም አይጮህም ብለው በላዩ ጨመሩልኝ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገራቸው። ስልኩ ቢጠራ እንዳያነሡ ነገርኳቸው፤ ሲነሣ ኢንተርኔቱ ይቋረጣልና።

«ሰው ደውሎ ሳያነሡለት?» አሉኝ። «ምን ሆነው ነው ብሎ አይደነግጥም? በዚህ ዘመን?»

ኋላ መልሼ እደውልለታለሁ ብዬ ማልኩላቸው። ኢንሻአላህ አሉ። የእሳቸውን ኢንሻአላህ እንደ እሺ ቆጠርኩት፤ ስሕተቴ እዚያ ላይ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ተነሥቼ፣ ተጣጥቤ፣ ቢስሚላህ ብዬ ተቀመጥኩ። ኮዱ መጣ፣ ስልኩን በመስኮቱ ለጋሽ ይማም አቀበልኩና ገባሁ፣ ፈታኙ ሰላምታ ጻፈልኝ። ላፕቶፑን አንሥቼ ክፍሉን ዙሪያውን እንዳሳየው ጠየቀኝ። አሳየሁት። ግድግዳው ባዶ፣ ወለሉ ባዶ፣ ማዕዘኑ ባዶ። ቁም ሣጥን የለ፣ አልጋ የለ፣ መጋረጃ የለ። ግድግዳው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ምስማር ነው አልኩት። ዘራፊዎቹ የተሰቀለበትን ሰዓት ወስደው ምስማሩን ትተውልኝ ነበር። ቀረብ አድርጌ እንዳሳየው አዘዘኝ፣ ምስማር መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በእርግጥ መኖሪያ ቤት መሆኑን ጠየቀኝና፣ አዎ ስለው እንዲህ በጥሩ ሁኔታ የተዘጋጀ ክፍል እምብዛም እንደማያጋጥመው ጻፈልኝ። ምስጋናው ለሚገባቸው እንዳላስተላልፍ አድራሻ አልተዉልኝም።

ሻሼን ከጆሮዬ ገለጥ አድርጌ የተደበቀ ማዳመጫ አለመኖሩን አሳየሁት። ከዚያ መታወቂያ አለኝ። መንጃ ፈቃዴን ወደ ካሜራው አስጠጋሁ፤ በእንግሊዝኛም የተጻፈበት ስለሆነ ተማምኜበታለሁ። ፈታኙ መታወቂያዬ ጊዜው ካለፈ ብዙ ዓመት እንደሆነው ጻፈ።

መንጃ ፈቃዱ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። መልሼ መላልሼ አየሁትና ነገሩ ገባኝ፤ ቀኑ የተጻፈው በእኛው አቆጣጠር ነው። እንግዲህ በማሽላዋ ፊደል እየታገልኩ፣ አገሬ የራሷ የዘመን አቆጣጠር እንዳላት፣ እኛ ከእነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሆንን ማስረዳት ያዝኩ። የማይታመን ነገር በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ፈታኙ አለቃውን ልጠይቅ ብሎ ሄደ። በሄደበት ተቀምጬ አሰብኩት፦ ይህ ሰው እኮ ከእኔ ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው ያለው። ሲመለስ ጦርነቱ እንዴት እንዳለቀ ልጠይቀው ቃጥቶኝ ነበር። ተመልሶ አለቃው መፍቀዱን ሲነግረኝ ግን ከፈተናው ውጪ ማውራት ክልክል ነው የሚለውን አስታውሼ ተውኩት።

ፈተናው ተጀመረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥያቄዎቹ አልከበዱኝም። «አንድ የፕሮጀክት መሪ ያልታሰበ እንቅፋት ሲያጋጥመው መጀመሪያ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ሐብሩ ላይ ለሠራ ሰው ጥያቄ አይደለም። እየተፍታታሁ ሄድኩ። ያን ጊዜ ከውጪ ስልኬ ጠራ።

አንሥተው ይሆን ብዬ ሳልጨርስ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። በመስኮቱ በኩል ጋሽ ይማም ለአንድ የሲሪንቃ ዘመዴ ሰዓዳ ፈተና ላይ መሆኗን፣ ፈተናውም ከባድ መሆኑን ሲነግሩ፣ ዝናብ እዚያ ጥሎ እንደሆነ፣ ከብቶቹም ደኅና መሆናቸውን በዝግታ ሲጠያየቁ ይሰማኛል። ሰላምታው አለቀና ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ፈታኙ አንድ ጊዜ ተቋርጦብኝ እንደነበር፣ ከተደጋገመ ፈተናውን ሊዘጋው እንደሚችል ጻፈልኝ።

ወጥቼ እንዳልነግራቸው ከካሜራው መራቅ ክልክል ነው። ጮኼ እንዳልነግራቸው ድምፅ ክልክል ነው። ማሳል ግን አልተከለከለም። ስለዚህ ትርጉም ያለው ሳል ሳልኩ።

«አላህ ያሽርሽ፤ ብርድ መቶሽ ነው» አሉ ጋሽ ይማም ከማንጎዋ ሥር።

ፈታኙ ወዲያው ክፍሉ ውስጥ የሚረዳኝ ሰው ካለ ጠየቀኝ። «ኖ» ብዬ ጻፍኩ፤ በማሽላዋ ጦስ «ኖኦኦ» ሆኖ ሄደ። እባክሽ ተረጋጊ አለኝ።

ተረጋግቼ ቀጠልኩ። ከግማሽ በላይ ሄጄ ነበር። ደግሞ ስልኩ ጠራ። አሁንስ አያነሡትም ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አነሡት። ስክሪኑ ደረቀ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት ለእናንተ ለመንገር አፍራለሁ፤ ለእኒያ ሽማግሌ የማይገባ ቃል በሆዴ ተናግሬያለሁ። በመስኮቱ በኩል ማንነትህን ንገረኝ ሲሉ ሰማኋቸው። ደገሙት። ከዚያ ዝም አሉ። ጋሽ ይማም ስልክ ይዘው ዝም ማለታቸው አስደነገጠኝ።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ጋሽ ይማም እንድሪስ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ወደ ግንባር ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፋ። አብሮት የነበረ አንድ ልጅ መጥቶ ሲወድቅ አየሁት ብሎ ነገራቸው። መንደሩ ተሰብስቦ ለቅሶ ተቀምጦ፣ ሰደቃው ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይማም የልጁን ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። እኛም እንጠነቀቅ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ይማም ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ሞላ ብርጭቆ ይዘው ገቡ። ጫማቸው አንዱ ብቻ ነበር እግራቸው ላይ።

«እንድሪስ ነኝ ይላል» አሉኝ። «አንቺ ስሚልኝ እስኪ። የእኔ ጆሮ ያታልለኛል።»

ፈተናም ካሜራም ከጭንቅላቴ ጠፋ። ተቀበልኳቸው። እንድሪስ ነበር። ያ አፍንጫው የተያዘ የሚመስል ድምፁ አይጠፋኝም። አባቱ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቀኝ። አጠገቤ ናቸው፣ ይሰሙሃል አልኩት። እግሩን ቆስሎ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲዛወር ከርሞ አሁን ደሴ መግባቱን ነገረኝ። ስልኩ ከነያዘው ቁጥር ሁሉ ጠፍቶበት ኖሯል። አባቱ ስልክ ስለሌላቸው ድሮ መልእክት የሚያደርሰው በእኔ በኩል ነበር፣ በቃሉ የቀረችውም የእኔው ቁጥር ብቻ ነበረች።

«ስንት ወር ደወልኩልሽ» አለኝ። «ሁልጊዜ ዝግ ነው ይለኛል። ዛሬም ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ይጠራል ብዬ አይደለም።»

ለፈተናው ኮድ ብዬ ያስወጣኋት ቁጥር ናት። ወልድያ ተሰልፌ ስንት ጊዜ ምን ዓይነት ጣጣ ነው እያልኩ ያማረርኩባት።

ስልኩን ለጋሽ ይማም መለስኩላቸው። አልሃምዱሊላህ ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ እሱኑ ደጋገሙት። እንድሪስ የሚያወራው በተዋሰው ስልክ ስለነበር ሒሳቡ አልቆ ተቋረጠ። አክስቴ ዘምዘም ወሬውን ከየት እንደሰማች አላውቅም፣ እልልታዋ ከእሷ ቀድሞ ገባ። ተከትለው ጎረቤቶች ገቡ። ጋሽ ይማም ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ከፊሉ ይስማቸዋል፣ ከፊሉ ያለቅሳል፣ አንዱ ደግሞ ውጪ ሆኖ ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሰ።

እንግዲህ አስቡት... ስልኩ ሲዘጋ ኢንተርኔቱ ተመልሶ ኖሯል።

ዞር ስል የፈታኙ መልእክቶች ተደርድረዋል። ክፍልሽ ውስጥ ሰዎች ይታዩኛል። ስልክ ይታየኛል። የሰማሁት ድምፅ ምንድን ነው? ደኅና ነሽ? እባክሽ መልሺልኝ። ተቀመጥኩና ጻፍኩለት፦ ጎረቤቴ ናቸው፤ በጦርነቱ ሞቷል ተብሎ የተለቀሰለት ልጃቸው አሁን ደወለላቸው፣ በሕይወት አለ፤ ተኩሱ የደስታ ነው። «ኦ» ያለበት ቃል ሁሉ እየጮኸ ሄደ።

መልሱ መጣ።

«ደንብ ስለሆነ ፈተናውን መዝጋት አለብኝ፤ በጣም አዝናለሁ። ለአባትየው ደስ እንዳለኝ ንገሪልኝ።»

ነገርኳቸው። ጋሽ ይማም ከወለሉ ተነሥተው ካሜራው ፊት ቆሙ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። «ስትመጣ ቤቴ ቤትህ ነው፤ መርሳ ላይ ይማምን ብትል ማንም ያሳይሃል በይው» አሉኝ። መጻፍ ስጀምር ስክሪኑ ጠቆረ። አይቷቸው ይሆን አላየ አላውቅም።

ሥራዬ በዚያ ጥቁር ስክሪን ውስጥ እንደሰጠመ ገብቶኛል። ላለቅስ ፈልጌ ነበር፤ ግን በዚያ ቀን መርሳ ላይ ለፈተና የሚያለቅስ ሰው ቦታ አልነበረውም። ደግሞ እንባዬን ያየ ሁሉ ለእንድሪስ እየመሰለው ያቅፈኛል፤ እኔም የትኛው ለማን እንደሆነ ጠፋኝና ተውኩት። ጋሽ ይማም በዚያኑ ቀን ከዘመድ ጋር ደሴ ወረዱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን መጥተው ስልኩን በማንሣታቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። እጃቸውን ሳምኩ።

ከተቋሙ ደብዳቤ መጣ። ያልተፈቀደ ሰው፣ ያልተፈቀደ ስልክ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ፍንዳታ ተብሎ ተቆጥሮብኛል። ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ከታች በደቃቃ ተጽፎ አየሁና የሆነውን እንዳለ ጽፌ ላክሁ። አልጠበቅሁም ነበር፤ መልስ መጣ። ፈታኙ ራሱ ያየውን ሲመዘግብ ማጭበርበር አላየሁም፣ ያየሁት ሰዎች ሲተቃቀፉ ነው ብሎ ኖሯል። ዳግም እንድፈተን ተፈቀደልኝ። ያንን ሰው እስከዚያች ቀን ዓይን ብቻ ያለው ዘበኛ አድርጌ ነበር የማስበው።

በቀጣዩ ጊዜ ወልድያ ብርቱካን ቤት ተፈተንኩ። ስልኩን የያዘችልኝ እሷው ናት፤ አንድም ሰው አልደወለም፣ ማንም አልገባም፣ ማንም አላሳለኝም። ፈታኙም ሌላ ነበር፣ ከመታወቂያዬ ቀን በቀር ያወራነው የለም። አለፍኩ። ከማለፊያው ብዙም አልራቅሁም፤ ግን አለፍኩ።

ሰርተፊኬቱ በኢሜል መጣ። ባለ ቀለም አሳትሜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሰሞን፣ በኩራት ይዤ አቶ ጌታሁን ቢሮ ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩት። እንደገና ፊቱን አዩት።

«ማኅተሙስ?» አሉኝ።

እንዲህ ያለው ሰርተፊኬት ማኅተም እንደሌለው፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ነጠብጣብ ሣጥን በስልካቸው ካሜራ ቢያነሷት በቀጥታ ከተቋሙ ገጽ ላይ እንደምታረጋግጥላቸው አስረዳሁ። ዓይኔ፣ ጆሮዬ፣ ግድግዳዬና ምስማሬ ሳይቀር ተመርምሮ የተሰጠኝ ወረቀት መሆኑንም ጨመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና ስልካቸውን አወጡ፣ ሣጥኗ ላይ ደገኑ። ጠበቅን። ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ጠበቅን። ኔትወርክ ሲመጣ ተመለሽ አሉኝ።

ኔትወርክ ለመምጣት የራሱን ጊዜ ወሰደ። እኔም ከመርሳ ወልድያ እየተመላለስኩ የሚኒባሱ ረዳቶች ሁሉ «ዛሬስ መጣ?» እስኪሉኝ ድረስ ታወቅሁ። አንድ ቀን መጣ። ሣጥኗ ተነሣች፣ ገጹ ተከፈተ፣ ስሜ ከነአባቴ ስም አረንጓዴ ምልክት ተደርጎበት ወጣ። አቶ ጌታሁን ስልኩንና ወረቀቱን ጎን ለጎን ይዘው ፊደል በፊደል አመሳከሩ። ትክክል ነው አሉ። ሰኞ ሥራ መጀመር እንደምችል ነገሩኝ።

አመስግኜ ልወጣ ስል ግን ቆይ አሉኝ። መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ የቢሮውን ክብ ማኅተም አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ ቀለሙ ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርገው ሰርተፊኬቴ ጥግ ላይ በሙሉ ክንዳቸው ተጫኑት። ከዚያ ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዩትና ሰጡኝ።

«እንግዲህ አሁን ሰርተፊኬት ሆነ።»